ጅብ ከሄደ እንዳይሆን፦ በሀዋሳ ወንጀልን ለፖሊስ የማሳወቅ አገልግሎት ሲመዘን

ሀዋሳ ላይ ስልኩን የተነጠቀ ሰው ከጎረቤት የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «እርሳው፣ አይገኝም» የሚል ነው። ስለ ስልኩ ከሆነ ምክሩ ብዙ ጊዜ አይስትም። ክፋቱ ሰዉ ምክሩን እየጎተተ «ጣቢያ መሄድም ጊዜ ማጥፋት ነው» እስከማለት መድረሱ ነው። ጣቢያን የጠፋ ዕቃ ማስመለሻ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው በአገልግሎቱ ሁልጊዜ ቅር ይሰኛል። የአገልግሎቱ ዋና ሥራ ሌላ ነው፤ ያን ሥራ ደግሞ ነዋሪው ካላስጀመረው ማንም አያስጀምርለትም።

እዚህ የምንመዝነው አንድን ጣቢያ ወይም አንድን መኮንን አይደለም። ከታቦር እስከ ሀዌላ ቱላ በየትኛውም ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው የሚያንኳኳቸውን በሮች ነው፦ 991 የስልክ መስመርን፣ የጣቢያውን ተረኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስን፣ ከዚያም በኋላ ያለውን የመርማሪና የዐቃቤ ሕግ ክትትል። ማመልከት ገንዘብ አያስከፍልም፤ ጣቢያም ሌሊት አይዘጋም። ጥራቱ ግን ወጣ ገባ ነው። ከወጣ ገባው ግማሹ ከፖሊስ፣ ግማሹ እኛ ከምንሰጠው መረጃ ይመጣል።

በየጣቢያው የዕለት ሁኔታ የሚባል መዝገብ አለ። ተረኛው የመጣለትን ጉዳይ በቀን፣ በሰዓት፣ በቦታና በዓይነት ያሰፍርበታል። ተዘዋዋሪ ጥበቃ የት ይቁም፣ በስንት ሰዓት ይለፍ የሚባለው እንዲህ ካለ መዝገብ ተነሥቶ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ እንውሰድ። ሠራተኞቹ በፈረቃ ይገባሉ፣ በፈረቃ ይወጣሉ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ከሰርቪስ መውረጃ እስከ ግቢያቸው ባለው ጨለማ መንገድ ላይ በአንድ ወር ሰባቱ ቦርሳቸውን ቢቀሙና ስድስቱ ዝም ቢሉ፣ መዝገቡ የሚያውቀው አንድ ቅሚያ ብቻ ነው። ለአንድ ቅሚያ ደግሞ ተዘዋዋሪ አይመደብም። ሰባቱም ቢያመለክቱና ሁሉም ከምሽቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ መቀማታቸው ቢታይ ግን መንገዱም ሰዓቱም ራሱን ያጋልጣል።

ሁለተኛው ጥቅም የሚታየው ሰው ሲያዝ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። አንድ ልጅ አምስት ስልክ በኪሱ ይዞ ቢያዝ፣ «ሸቀጤ ነው፣ ገዝቼ የምሸጠው ነው» ቢል፣ ከአምስቱ የአንዱንም መለያ ቁጥር ጠቅሶ ያመለከተ ባለቤት ከሌለ መርማሪው ፍርድ ቤት ይዞ የሚቀርበው ጥርጣሬ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በሳምንቱ ልጁ እዚያው ሰፈር ሲታይ «ፖሊስ ለቀቀው» እንላለን። የለቀቀው ግን የባለቤቶቹ ዝምታ ነው።

ሦስተኛው የወረቀት ጉዳይ ነው። ኢንሹራንስ ለተሰረቀ ዕቃ ካሳ ሲጠየቅ የፖሊስ ማስረጃ ይፈልጋል። የጠፋ መንጃ ፈቃድ፣ ታርጋ ወይም ፓስፖርት ለማውጣትም እንዲሁ ነው። በተሰረቀ ሲም ካርድዎ ሰው ቢጭበረበርበት ደግሞ «በዚያ ሰዓት ስልኩ በእጄ አልነበረም» የሚለውን ቃልዎን የሚደግፍልዎት ጣቢያው ያሰፈረው ቀንና ሰዓት ነው።

991 ለምን ይጠቅማል፣ የትስ ላይ ይሰናከላል

መስመሩ ለአሁን ጉዳይ ነው፦ ጠብ ተነሥቶ ከሆነ፣ ሌባ ግቢ ውስጥ ካለ፣ ሰው እየተደበደበ ከሆነ። ትናንት ለጠፋ ዕቃ 991 መደወል መስመሩን ማጨናነቅ ነው፤ ለእሱ ጣቢያ ይኬዳል።

አብዛኛው የስልክ ጥሪ የሚበላሸው በአድራሻ ነው። በከተማችን የቤት ቁጥር ይዞ ቤት የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው፤ «አቶቴ አካባቢ ነኝ» ወይም «ፒያሳ ነኝ» ማለት ደግሞ መኪናውን በግማሽ ከተማ ያዞራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ትንፋሽ ቦታውን ይናገሩ፤ ምክንያቱም ጥሪው በመሃል ቢቋረጥ እንኳ ቢያንስ የት መምጣት እንዳለባቸው ያውቃሉ። ትልቁን ምልክት፣ ከዚያ አቅጣጫውን፣ ከዚያ መታጠፊያውን በዚህ ቅደም ተከተል ይንገሩ፦ «ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ በሚወስደው አስፋልት፣ በስተግራ ሁለተኛው የኮብልስቶን መግቢያ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ»። ካርታ የሚከፍት ስልክ ካለዎት ያሉበትን ነጥብ ተጭነው የሚወጡትን ሁለት ቁጥሮች ማንበብ ይችላሉ፤ ሀዋሳ ከሆኑ አንደኛው በ7 (በከተማው ደቡባዊ ጫፍ፣ በሀዌላ ቱላ በኩል፣ በ6 ሊሆን ይችላል)፣ ሁለተኛው በ38 ይጀምራል። በሌላ ቁጥር ከጀመረ ካርታው ያሉበትን በትክክል አላገኘም ማለት ነው።

ከቦታው ቀጥሎ ምን እየሆነ እንዳለ፣ መሣሪያ ወይም ስለት መኖሩን፣ የተጎዳ ሰው መኖሩን ይናገሩ። ከዚያ ስንት ናቸው፣ ወዴት ሄዱ። ከልብስ ይልቅ ቶሎ የማይቀየረውን ይያዙ፦ ቁመት፣ አረማመድ፣ ጠባሳ፣ ጫማ። ጃኬት ጥግ ላይ ይወልቃል፤ ጫማ ግን እየሮጡ አይቀየርም። ባጃጅ ከሆነ ታርጋውንና የጎን ቁጥሩን፤ ሁለቱም ካልተነበቡ ከኋላ የተለጠፈውን ጥቅስ፣ የመጋረጃውን ቀለም፣ የተሰበረውን መብራት ይናገሩ። በአንድ ተራ የሚሠሩ የባጃጅ ሾፌሮች እርስ በርስ በጥቅሳቸው ይተዋወቃሉና ከታርጋው ሁለት አኃዝና ከአንድ ጥቅስ ተነሥቶ ባለቤቱን ማግኘት ይቻላል።

የመስመሩ ትልቁ ድክመት መስመሩ ሲጨናነቅ ወይም ጣቢያው መኪና በሌላ ጉዳይ ሲይዝበት የሚፈጠረው መዘግየት ነው። ማምለጫው የቀበሌዎን የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ስልክና የጣቢያውን ቀጥታ ቁጥር ችግር ሳይመጣ ጠይቆ መያዝ ነው። ቁጥሩን በስልክ ብቻ አያኑሩት፤ የሚነጠቀው ስልኩ ራሱ ሊሆን ይችላልና በግቢው በር ጀርባ ይጻፍ።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ መደወል ማመልከት አይደለም። የምርመራ መዝገብ የሚከፈተው ቃልዎ ተጽፎ ሲፈርሙበት ነው። «ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ከወር በኋላ ጣቢያ ሄዶ ምንም መዝገብ ቢያጣ በተረኛው ሊፈርድ አይገባም።

ተረኛው ፊት

የአገልግሎቱ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ የሚበላሸውም እዚሁ።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም በዓይኑ ባያይም እንኳ፣ የማመልከት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 23 ደግሞ ፖሊሱ የቀረበለትን አቤቱታ ቢጠራጠረው እንኳ መመርመር እንዳለበት ያዛል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች ማወቅ የሚጠቅመው በአንዳንድ ጣቢያ «ማን እንደወሰደው አጣርተህ ና» የሚል መልስ ሲገጥም ነው። ማጣራት የመርማሪው ሥራ ነው። ጭቅጭቅ ሳያነሡ «እሺ፣ ለጊዜው መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ቦታው የኛ ክልል አይደለም» ከተባሉም የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ ይጠይቁና ወደዚያው ይሂዱ፤ ለዐቃቤ ሕግ ማመልከትም ይቻላል፤ እሱ ወደሚመለከተው ፖሊስ ይመራዋል።

አሁን ወደ ቃሉ እንግባ። ከጣቢያ ጣቢያ የሚደጋገመው ደካማ ቃል ይህን ይመስላል፦ «ትናንት ማታ ገበያ አካባቢ ሌባ ሞባይሌን ወሰደብኝ፤ እንዲፈለግልኝ።» በዚህ ቃል መርማሪ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ያው ነገር እንዲህ ቢነገር ግን ሌላ መዝገብ ይወጣዋል፦ «ጥቅምት 12 ቀን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 ገደማ፣ ከአሮጌው ገበያ ወጥቼ በአስፋልቱ የቀኝ ጠርዝ በእግሬ ስሄድ ሁለት ወጣቶች በባጃጅ ከኋላ መጡ። ከኋላ የተቀመጠው ክንዴን ጠምዝዞ ስልኩን ከቀኝ እጄ ነጠቀ፤ ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ። ስልኩ ጥቁር ሳምሰንግ ነው፤ የመስታወቱ ግራ ጠርዝ ተሰንጥቋል፤ መለያ ቁጥሩ ይኸው። ከፊት ለፊት ያለች ሻይ የምትሸጥ ሴት አይታለች።»

ክንድ መጠምዘዙና መውደቁ ለማሳዘን የገቡ አይደሉም። ኃይል ወይም ዛቻ ከነበረ ጉዳዩ ከስርቆት ወደ ውንብድና ሊሻገር ይችላል፤ በወንጀል ሕጉ የሁለቱ ቅጣት በእጅጉ ይራራቃል። ቢላ ታይቶ ከነበረ፣ «እገልሃለሁ» ተብሎ ከነበረ በቃሉ መግባት አለበት። በሌሊት አጥር ተዘሎ ወይም በር ተሰብሮ ከሆነም ይህ ራሱን የቻለ ነገር ነውና አይዝለሉት።

የሰዓት ጉዳይ ከሚገመተው በላይ መዝገብ ያበላሻል። እኛ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15» ስንል የሱቁ ካሜራ 20፡15 ይላል፤ የባንክ መልእክት 8፡15 ይላል። ስድስት ሰዓቱን ያላስተካከለ ጸሐፊ «8፡15» ብሎ ካሰፈረ፣ ችሎት ላይ የተከሳሽ ጠበቃ የእርስዎን ቃልና የካሜራውን ምስል እርስ በርሳቸው ያጋጫቸዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ስልኩ በአውሮፓ አቆጣጠር የሚያሳየውን ከእኛው ጋር አጣምረው ያስጽፉ። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት ወይም ሌሊት የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር ሳይለይ ይግባ።

ቃሉ ተጽፎ ሲያልቅ ይነበብልዎታል፤ ይፈርማሉ፤ ቀን ይጻፋል። ሕጉ በአንቀጽ 14 የሚለው ይህንኑ ነው። በሲዳምኛ የተጻፈውን የማያነብ ሰው በአማርኛ እንዲነገረው፣ አማርኛ የማይገባውም በሲዳምኛ ወይም በሚያውቀው ቋንቋ እንዲነበብለት መጠየቅ አለበት። ጸሐፊው የእርስዎን ሦስት ዓረፍተ ነገር በአንድ ጠቅልሎ ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት «ይህች ቀርታለች» ይበሉ። ከፈረሙ በኋላ የሚጨመር ነገር «አስበህ የመጣህ ነው» ያስብላል።

ከጣቢያው ሦስት ነገር ሳይዙ አይውጡ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የመርማሪው ስምና ስልክ፣ ተመልሰው የሚመጡበት ቀን። በአገልግሎቱ ላይ ከሚሰማው ቅሬታ ብዙው የሚመነጨው ከዚህ ነው። የመዝገብ ቁጥር የሌለው ሰው በተመለሰ ቁጥር ታሪኩን ለአዲስ ተረኛ ከሀ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ይሰለቸውና ይቀራል።

ስለሚይዙት ነገር ጥቂት እንበል። ለስልክ ባለ 15 አኃዙ መለያ ቁጥር ነው፤ *#06# ሲደወል ይወጣል፣ ካርቶኑ ላይም አለ። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር አለው፤ ሁለቱንም ዛሬ ማታ ደብተር ላይ ይጻፏቸው። ለባጃጅና ለሞተር የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ለላፕቶፕ የጀርባው መለያ ቁጥር። የውሃ ቆጣሪ ከተነቀለብዎት የቆጣሪው ቁጥር ከውሃ ቢል ላይ ይገኛል፤ ለፖሊስም ለውሃ አገልግሎቱም ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ገንዘብ በስልክ ከተወሰደ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ወደ ባንኩ ወይም ወደ ቴሌብር ይደወላል፦ ንግድ ባንክ 951፤ ሲሙን ለማዘጋት 994። ገንዘቡ ከሂሳብ ሂሳብ የሚዘዋወረው በደቂቃዎች ነውና። ከዚያ የግብይት ቁጥሩ ያለበትን መልእክት ሳይሰርዙ ጣቢያ ይሂዱ። ባንክ የሌላ ሰው ሂሳብ የማን እንደሆነ ያለ ሕጋዊ ትዕዛዝ አይነግርዎትም፤ ለዚያ ትዕዛዝ መነሻ የሚሆነው ደግሞ የእርስዎ መዝገብ ነው።

ፖሊስ እስኪደርስ

ቤት ተሰብሮ ሲገኝ የእኛ ሰው የመጀመሪያ ሥራ መጥረግ ነው። እንግዳ ስለሚመጣ ቤቱ ይስተካከላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የተሰበረው ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ቡና ይፈላል። መርማሪው ሲደርስ የሚያገኘው የሃያ ሰው ዱካ ነው። ምንም አይንኩ። አንድ ሰው በአንድ መስመር ገብቶ ሕፃናት አለመኖራቸውን ካየ በኋላ በዚያው መስመር ይውጣ፤ በሩ ላይ ዘመድ ይቁም። በስልክዎ መጀመሪያ ክፍሉን ከሩቅ፣ ቀጥሎ የተሰበረውን ከቅርብ ፎቶ ያንሡ። ዝናብ ካካፋና በግቢው ጭቃ ላይ የማያውቁት የጫማ ዱካ ካለ የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን ገልብጠው ይድፉበት። ደም ወይም ላብ የነካውን ጨርቅ በፌስታል አይቋጥሩት፤ እርጥበቱ ታምቆ ማስረጃውን ያሻግተዋል። ወረቀት ከረጢት ወይም ንጹሕ ፖስታ ይሻላል።

የጎረቤት ሱቅ ካሜራ ካለው ዕለቱን ይጠይቁ። አብዛኛው መቅጃ ዲስኩ ሲሞላ በአሮጌው ላይ ይቀዳል፤ እንደ ዲስኩ መጠንና እንደ ካሜራው ብዛት ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ነው። ከማስቀዳትዎ በፊት የካሜራውን ሰዓት ከስልክዎ ሰዓት ጋር ጎን ለጎን ፎቶ ያንሡት፤ ካሜራው 20 ደቂቃ ወደኋላ ቀርቶ ከሆነ ልዩነቱ ይታወቃል። ምስሉን ለማኅበራዊ ሚዲያ ከመልቀቅዎ በፊት ለመርማሪው ይስጡ። ተጠርጣሪው ራሱን በስክሪን ካየ በኋላ ጃኬቱንም ሰፈሩንም ይቀይራል፤ ምስክርም «በዓይንህ ካየኸው ነው ወይስ ከቪዲዮው ነው የለየኸው» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል።

እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንም ይዞ ማቆየት ይችላል፤ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ግን ግዴታ ነው። መደብደብ የለም። ሌባን የደበደበ ሰው በአካል ጉዳት ራሱ ይከሰሳል፤ ሌባው ደግሞ «በድብደባ ነው ያመንሁት» የሚል መከላከያ ያገኛል። ሰዉ ተናዶ ሲሰበሰብ አንድ ረጋ ያለ ሰው ልጁን አስቀምጦ 991 ቢደውል ለሰፈሩ ከመቶ ዱላ ይበልጣል።

የአካል ጉዳት ካለ ሕክምና ይቀድማል፤ ከባድ ከሆነ በቀጥታ ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ። ቀላል ከሆነ መጀመሪያ ጣቢያ ደርሰው ለሆስፒታሉ የሚጻፈውን ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ፤ ጉዳቱ ከባድ ነው ወይስ ቀላል የሚለው የሚለየው በሐኪሙ የጽሑፍ ማስረጃ ነው፤ ቁስል ደግሞ ይድናል፣ ሰንበርም ይጠፋል።

ለተደፈረች ሴት ወይም ሕፃን ሰዓቱ ከሁሉ ይጠባል። ገላ አለመታጠብ፣ ልብስ አለማጠብ፣ ልብሱን በወረቀት መያዝ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ከዚያ በኋላ አይሰጥም፤ በቶሎ በተጀመረ መጠንም ይበልጥ ይሠራል። ሴት መርማሪ እንድትመደብ መጠየቅ ይቻላል። እዚህ ላይ ለቤተሰብ የምንለው አንድ ነገር አለ፦ «ስሟ ይጠፋል» ብሎ ሦስቱን ቀን በምክክር መጨረስ በልጅቷ ላይ ሁለተኛ በደል ነው።

ፍርሃትና ሽምግልና

ነዋሪው የሚፈራው ፖሊስን አይደለም፤ የሌባውን ወንድም ነው። ሰፈር አንድ ነው፣ እድር አንድ ነው፣ ውሃ የሚቀዳው ከአንድ ቦኖ ነው። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነውና ሊናቅ አይገባም። ድሮ በአፈርሳታ ጊዜ የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ በዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ ሳይመለስ ይውል ነበር፤ በግልጽ መናገር የፈራም በ«ወፍ»፣ ማለትም ማንነቱ በማይገለጽ ነጋሪ፣ ያስነግር ነበር። የዛሬው ጥቆማ ያ ወፍ ነው። ስም ያልያዘ ጥቆማ ክብደቱ ከዝርዝሩ ይመጣል፦ «እነ እገሌ ሌቦች ናቸው» ሚዛን አይደፋም፤ «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ በዚህ ግቢ በር ባጃጅ እየቆመ ዕቃ ይወርዳል» ግን ሄዶ ማየት ይቻላል።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 አለ፤ የሚሸፍነው ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎችን ነው። ስልክ ነጠቃን ላይሸፍን ይችላል። ለቀላሉ ጉዳይ የሚሠራው መብዛት ነው። አራት ጎረቤት አብሮ ሄዶ ቢያመለክት፣ አራቱም ምስክር ሆነው ቢመዘገቡ፣ ለዛቻ የሚመረጥ አንድ ሰው አይኖርም። ምስክር ሲቆጠር ግን በዓይኑ ያየ ይቆጠር። «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» እንዳይሆን፣ የሰማ ሰው የሰማሁ ይበል፣ ያየ ሰው ያየሁ ይበል። ስም መጥራት ካለብዎትም «እጠረጥራለሁ፣ ምክንያቱም» ብለው ይናገሩ። እያወቁ በሐሰት ሰውን መወንጀል ራሱ ወንጀል ነው።

መናገር ግዴታ የሚሆንበትም አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 ሞት ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ሊፈጸም መሆኑን እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ዝም ያለን ሰው ይጠይቃል።

ሽምግልናን በሚመለከት በከተማው ትልቅ መደናገር አለ። በሲዳማ ባህል «አፊኒ» ማለት «ሰምታችኋል ወይ» እንደማለት ነው፤ ጉዳዩ በሽማግሌዎች ፊት በግልጽ ይነገራል፤ ሁሉ ይሰማል፤ እውነቱ ይፈለጋል። ይህ መድበስበስን አይወድም። የሚያሳዝነው ዛሬ በየሰፈሩ በሽምግልና ስም የሚደረገው ብዙ ጊዜ ግልባጩ መሆኑ ነው፦ ስልኩን በግማሽ ዋጋ ከሌባው መግዛትና ነገሩን አፍኖ ማስቀረት። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ዕቃ መግዛት ያስጠይቃል። በሕጉ ደግሞ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች አሉ፤ ስድብ ወይም ቀላል የአካል ጉዳት የመሳሰሉት። በእነዚህ ባለጉዳዩ ታርቆ አቤቱታውን ቢያነሣ ጉዳዩ ይቆማል፤ የማመልከቻው ጊዜ ግን ወንጀሉ ወይም ፈጻሚው ከታወቀ ጀምሮ ሦስት ወር ነው። ሽማግሌ «ሰንበቱ ይለፍ፣ ጾሙ ይፈታ» እያለ ሦስቱን ወር እንዳይበላ ይጠንቀቁ። ውንብድና፣ አስገድዶ መድፈር ወይም ግድያ ግን በእርቅ አይዘጋም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው።

ከተመዘገበ በኋላ

አገልግሎቱ በጣም የሚደክመው እዚህ ነው። መዝገብ ይከፈታል፤ ከዚያ ዝምታ ይከተላል። አንድ መርማሪ ብዙ መዝገብ ይይዛል፤ የሚነሣው ደግሞ ባለቤቱ የሚጠይቀው መዝገብ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በአካል ወይም በስልክ በመዝገብ ቁጥሩ ይጠይቁ፤ ባዶ እጅዎን ከመሄድ አዲስ ነገር ይዘው ይሂዱ፦ የተገኘ ምስክር፣ ስልኩ ሲሸጥ የታየበት ቦታ። መልስ ካጡ ወደ ምርመራ ኃላፊው፣ ከዚያ ወደ ጣቢያው አዛዥ፣ ከዚያ ወደ ከተማው ፖሊስ። ዐቃቤ ሕግ ፖሊስ ሥራውን በሕጉ መሠረት መሥራቱን የመከታተል ሥልጣን አለው፤ ክስ አልመሠርትም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁት። ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ገንዘብ ከተጠየቁ ያለ ደረሰኝ አይክፈሉ፤ የሕዝብ እንባ ጠባቂና የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሀዋሳ ላይ ቢሮ አላቸው።

ይህ ሁሉ ድካም ተቆጥሮ አገልግሎቱ ይመከራል ወይ? ይመከራል። በተለይ ለቤት ሰበራ፣ ለቅሚያ፣ ለአካል ጉዳትና ለስልክ ማጭበርበር በዚያው ዕለት ይሂዱ፤ ከሳምንት በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለትንሽ ነገርም፣ ለስፖኪዮ ወይም ለጋዝ ሲሊንደርም ቢሆን፣ ቢያንስ በዕለት ሁኔታው እንዲሰፍር ያድርጉ።

ዕቃው በራስዎ መንገድ ከተገኘም ጣቢያ ተመልሰው ያሳውቁ። መለያ ቁጥሩ «የተሰረቀ» ተብሎ መዝገብ ላይ ከቀረ፣ ሌላ ቀን በፍተሻ ሲገኝ ስልኩ የሚያዘው ከእርስዎ ወይም በቅንነት ከሸጡለት ሰው እጅ ነው። ሲሄዱ መታወቂያዎንና የድሮውን የመዝገብ ቁጥር ይያዙ፤ መገኘቱ እንዲጻፍ ጠይቀው ይፈርሙ።